ትሬለሩ ወጣ፣ ክርክሩ ተጀመረ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ ስለ ፊልም ናቸው። የሚያወሩት ደግሞ ስለወጣ ፊልም ሳይሆን ገና ስላልወጣ ፊልም ነው። ትሬለር (የፊልም ማስታወቂያ ቅንጭብ) አይቶ ከወንድሙ ጋር የተከራከረ፣ ተዋናይ ሲመረጥ የተቆጣ፣ ቴሌግራም ላይ የውሸት ቪዲዮ አይቶ የተሸወደ ሁሉ ጽፏል። ደስ ብሎኛል። ሰው ለማይወደው ነገር እንዲህ አይንገበገብም። ጥቂቶቹን መርጬ እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ፦ ጓደኛዬ «ትሬለሩ በ24 ሰዓት ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ታይቷል፤ ፊልሙ ምርጥ እንደሚሆን የታወቀ ነው» ይለኛል። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ማን ነው ልክ?

አንተ ነህ ልክ። ግን ጓደኛህም ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የ«ስፓይደርማን፦ ኖ ዌይ ሆም» የመጀመሪያ ትሬለር በኦገስት 2021 ሲለቀቅ በ24 ሰዓት 355.5 ሚሊዮን ጊዜ ታየ ተባለ። በፌብሩዋሪ 2024 የ«ዴድፑል እና ዎልቨሪን» ቲዘር፣ ማለትም አጭሩ የመጀመሪያ ማስታወቂያ፣ 365 ሚሊዮን ደርሶ በለጠው። ሁለቱም ፊልሞች ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብተዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከንቱ ነው አልልም።

ነገር ግን የሚቆጠረው ሰው አይደለም፤ ዕይታ ነው። ዩቲዩብ፣ ኢንስታግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ ላይ የታየው ሁሉ ይደመራል። በማስታወቂያ ገንዘብ የተገፋውም አብሮ ይገባል። ስልክህን ስትነካካ ሳታስበው በራሱ የተከፈተብህም እንዲሁ። አንድ ልጅ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ካየው አምስት ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ቁጥሩን ለጋዜጠኛ የሚያበስረው ደግሞ ራሱ ፊልሙን የሚሸጠው ስቱዲዮ ነው።

ወሬና ቲኬት ለየቅል መሆናቸውን ለማየት «ሞርቢየስ» ይበቃል። ፊልሙ በኤፕሪል 2022 ወጣ፤ ብዙ ሰው አልወደደውም። ከዚያ ኢንተርኔቱ መቀለጃ አደረገው። ለሳምንታት ስሙ ከሰው አፍ አልጠፋም። ሶኒ ያ ሁሉ ጫጫታ ፍላጎት መሰለው። በጁን መጀመሪያ ፊልሙን እንደገና ከ1,000 በላይ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ አስገባው። በዚያ የሳምንት መጨረሻ የተገኘው ወደ 300,000 ዶላር ነው። ሲካፈል ለአንድ ሲኒማ ቤት በሦስት ቀን 300 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ሰዉ የወደደው ስለ ፊልሙ ማውራትን ነበር። ለማየት ግን ከቤቱ አልወጣም።

ከዳላስ፣ ቴክሳስ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተከራከርን። እሱ «አድናቂ ከጮኸ ስቱዲዮ ይሰማል፤ ሶኒክን አላየሽም?» ይላል። እኔ ደግሞ ሥራውን ለባለሙያው መተው ይሻላል ባይ ነኝ። አስታርቀን።

እህቴ፣ እስቲ የሶኒክን ነገር ከስሩ እናንሳው። ብዙ ሰው ጫፉን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሶኒክ የሴጋ ኩባንያ የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ ነው። ከ1991 ጀምሮ ልጆች ሲያስሮጡት የኖሩት ሰማያዊ ጃርት። ትልልቅ ዓይኖቹ፣ ነጭ ጓንቱና ቀይ ጫማው መታወቂያዎቹ ናቸው። ኤፕሪል 30 ቀን 2019 ፓራማውንት የፊልሙን የመጀመሪያ ትሬለር ሲለቅ ብቅ ያለው ግን ሌላ ፍጥረት ነበር። ዓይኖቹ አንሰዋል፣ ተራርቀዋል። ጓንት የለም፤ እጁ ነጭ ጸጉር ለብሷል። እግሩ ረዝሞ የሯጭ ባት አውጥቷል። ከሁሉ የባሰው ጥርሱ ነው። አፉን ሲከፍት የሰው ጥርስ ተደርድሮ ይታያል። ልጅ ቀርቶ አዋቂ የሚያስደነግጥ ነገር ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር ትዊተር ላይ ወጣ። ቅሬታው እንደደረሰው፣ መልኩም እንደሚቀየር ጻፈ። የፊልሙ መውጫ ቀን ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2020 ተገፋ። ሶኒክን በኮሚክና በአኒሜሽን ሲስል የቆየው ታይሰን ሄስ አዲሱን መልክ እንዲመራ ተጠራ። ኖቬምበር ላይ ሁለተኛው ትሬለር ወጣ። ዓይኑ ተመልሷል፣ ጓንቱ ተመልሷል፣ ያ ጥርስ የለም። ሲሳደብ የከረመው ሰው አጨበጨበ። ፊልሙ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሁለት ተከታይ ወጥቶለታል፤ አራተኛው ለማርች 2027 ተቀጥሯል።

እዚህ ድረስ ወንድምሽ አሸንፏል። ግን ጩኸቱ ለምን እንደሠራ ተመልከቱ። አድናቂዎቹ ታሪኩ ይለወጥ አላሉም። «የምናውቀውን መልክ መልሱልን» ነው ያሉት። ጥያቄው አንድ ነው፣ ግልጽ ነው፣ ሊሠራም ይችላል። መፍትሔው የመጣው ደግሞ ከጮኸው ሰው ሳይሆን ገጸ ባሕርዩን አብጠርጥሮ ከሚያውቅ ሠዓሊ እጅ ነው። እዚያ ላይ አሸናፊዋ አንቺ ነሽ።

ብዙ ያልተወራለት ሌላ ነገር አለ። የኮምፒውተር ምስሉን ከሠሩት መካከል የሞሽን ፒክቸር ካምፓኒ የቫንኩቨር ቢሮ ባለሙያዎች ይገኙበታል። ፊልሙ ሲኒማ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በዲሴምበር 2019፣ ያ ቢሮ ተዘጋ። ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት የገበያ ጫና ነው፤ ሶኒክ አዘጋው አልልም። ሆኖም ያንን ዓይን መልሰው የሠሩት ሰዎች ፊልሙ በሚጨበጨብለት ወቅት ሥራ ፈላጊ ሆነው ነበር። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ቀይሩት» የሚል ኮሜንት ባየሁ ቁጥር የሚቀይረው ማን እንደሆነ አስባለሁ።

የ«ጀስቲስ ሊግ»ም ነገር እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። ዛክ ስናይደር ልጁን በሞት ካጣ በኋላ በ2017 ፊልሙን ትቶ ወጣ፤ ሌላ ዳይሬክተር ጨረሰው። አድናቂዎች ከሁለት ዓመት በላይ «የእሱን ቅጂ አውጡልን» ብለው ወተወቱ። በማርች 2021 አራት ሰዓት የሚፈጀው ቅጂ ኤችቢኦ ማክስ ላይ ወጣ። እነዚሁ አድናቂዎች ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ለሚሠራ የአሜሪካ ድርጅት ከ500,000 ዶላር በላይ አሰባስበዋል። ይህ ልቤን ይነካዋል። አንድ አባት ያጣውን ልጅ አስበው ነው ያደረጉት። በሌላ በኩል በዚያው ዘመቻ ውስጥ የስቱዲዮ ሠራተኞችን የሚያስፈራሩ ነበሩ። በ2022 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት እንደዘገበው፣ ስቱዲዮው ባስጠናው ጥናት በዘመቻው ከተሳተፉት አካውንቶች ቢያንስ 13 በመቶው የሐሰት ናቸው። ወንድምሽ ይህንንም ከሶኒክ ጎን ይያዘው።

ከአዳማ፦ የትሬለር ሙዚቃ ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት ሆነ? ያ ደረት የሚያናውጥ ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የቆየ ዘፈን ቀስ ብሎ።

ትሬለር የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለዚሁ ሥራ የተቋቋሙ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። እነሱ ሥራ ሲጀምሩ የፊልሙ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ አላለቀም። ስለዚህ ሌላ ሙዚቃ ያመጣሉ። ያ ከባድ የነሐስ መሣሪያ ድምፅ በ2010 በ«ኢንሴፕሽን» ጊዜ ነው የተዛመተው። የፊልሙ ሙዚቃ የሐንስ ዚመር ቢሆንም በአንደኛው ትሬለር የተሰማው የዛክ ሄምሲ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ስለ ፌስቡክ አመሠራረት የሚተርከው ፊልም ትሬለር ላይ የቤልጅየም የሴቶች መዘምራን አንድ የታወቀ የሮክ ዘፈን ቀስ አድርገው ዘመሩት። ያን ጊዜ አዲስ ነበር፣ ያምርም ነበር። አሁን ሁሉም ይሠራዋል፤ እኔም ሰልችቶኛል።

ከሀዋሳ፦ ትሬለሩ ላይ ያየሁት ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ የለም። ይህ ማጭበርበር አይደለም ወይ? ብሬን ማን ይመልስልኛል?

ንዴትህ ይገባኛል። ግን ሁሉም አንድ አይደለም።

አንዳንዱ ትዕይንት የሚጠፋው ፊልሙ ገና እየተሠራ ትሬለር ስለሚወጣ ነው። በ2016 የወጣው የስታር ዎርስ ፊልም «ሮግ ዋን» ከመውጣቱ በፊት ብዙ ነገሩ እንደገና ተቀርጿል። ትሬለሩ ላይ ጀግናዋ ከማማ ጫፍ ቆማ የጠላት ተዋጊ መንኮራኩር ፊት ለፊቷ ብቅ ሲል ይታያል። በጣም የሚያምር ምስል ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ሆን ተብሎ ነው። «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ትሬለር ላይ ሃልክ፣ ሰው ሲቆጣ የሚለወጥበት አረንጓዴው ግዙፍ፣ ከሌሎቹ ጀግኖች ጋር ዋካንዳ በተባለችው የፊልም አገር ሜዳ ላይ ሲሮጥ አይተናል። ፊልሙ ውስጥ ሃልክ በዚያ ውጊያ አይወጣም፤ አልወጣም ብሎ እንቢ ማለቱ ራሱ የታሪኩ አካል ነው። ያን ለመደበቅ ነው ምስሉን የፈጠሩት። «ኖ ዌይ ሆም»ም የቀድሞዎቹን ስፓይደርማኖች፣ ቶቢ ማጓየርንና አንድሩ ጋርፊልድን፣ ከትሬለሩ አውጥቶ ደብቋል። ግን የብራዚሉ ትሬለር ላይ አንድ ነገር አመለጣቸው። እንሽላሊት መሳዩ ክፉ ገጸ ባሕርይ አየር ላይ እያለ ፊቱ ማንም ሳይነካው በቡጢ እንደተመታ ዞር ይላል። አድናቂዎች ቪዲዮውን እያቆሙ፣ ምስል በምስል እያዩ «እዚህ ጋ የተሰረዘ ሰው አለ» አሉ። ልክ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ድብብቆሽ እኔ እወደዋለሁ። ሲኒማ ቤት ገብተህ ስታየው ደስታው እጥፍ ነው።

ሦስተኛው ግን ይቅር የሚባል አይደለም። በ«የስተርዴይ» ትሬለር ላይ ተዋናይት አና ዴ አርማስ ነበረች። ከፊልሙ ግን ክፍሏ ተቆርጧል። እሷን ብለው እያንዳንዳቸው 3.99 ዶላር ከፍለው ፊልሙን የተከራዩ ሁለት ሰዎች በ2022 ዩኒቨርሳልን ከሰሱ። ስቱዲዮው ትሬለር የኪነ ጥበብ ሥራ ስለሆነ በንግድ ማስታወቂያ ሕግ አይጠየቅም ብሎ ተከራከረ። በዲሴምበር 2022 የካሊፎርኒያ የፌዴራል ዳኛ ይህን አልተቀበሉም። ትሬለር የንግድ ንግግር ነው፤ ተመልካችን በማሳሳት ሊያስጠይቅ ይችላል አሉ። እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ። ታሪክ መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ የሌለ ሰው አሳይቶ ገንዘብ መቀበል ግን ሌላ ነው።

አንተ የትኛው ፊልም እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ከሆነ ግን ብሩን ተወው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ የ9 ዓመት ልጄ የምትወደው ታሪክ በፊልም ሊመጣ ነው፤ ለመሪ ገጸ ባሕርይዋ ጥቁር ተዋናይት መመረጧን ስታይ ዘለለች። ከዚያ በእኔ ስልክ ኮሜንቶቹን አነበበች። «እማዬ፣ ምን አድርጋቸው ነው የሚጠሏት?» አለችኝ። ምን ልበላት?

እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት።

መጀመሪያ «ምንም አላደረገቻቸውም» በያት። እውነቱ ይኸው ነው። ልጆች እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጣቸው ይረዳሉ።

ቀጥሎ ከቻልሽ አንድ ነገር አሳያት። በሴፕቴምበር 2022 ዲዝኒ የ«ሊትል መርሜይድ»ን ቲዘር ለቀቀ። ሃሊ ቤይሊ ከባሕር ሥር ሆና ስትዘምር ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ፊቷ ይታያል። ወዲያው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዲስላይክ ወረደበት። በዚያው ሳምንት ግን ወላጆች ሌላ ቪዲዮ ማውጣት ጀመሩ። ትናንሽ ጥቁር ልጃገረዶች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቲዘሩን ያያሉ። ፊቷ ብቅ ሲል ዓይናቸው ይፈጣል፤ ወደ እናታቸው ዞረው «እኔን ትመስላለች» ይላሉ። አንዳንዷ ትጮኻለች፣ አንዳንዷ አፏን ትይዛለች። ተዋናይቷም ቪዲዮዎቹን አይታ እንዴት እንደነኳት ተናግራለች። ፊልሙ በ2023 ወጥቶ ወደ 570 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ልጅሽ እነዚያን ልጆች ትይ። ኮሜንት የጻፈው ሰው ብቻ አይደለም አድናቂ የሚባለው፤ እነሱም ናቸው። እሷም ናት።

ለአንቺ ለራስሽ ደግሞ ይህን ልጨምር። ተዋናይ ሲመረጥ የሚነሳ ቁጣ አዲስ አይደለም፤ ሁልጊዜም ከዘር የሚመጣ አይደለም። በ2005 ዳንኤል ክሬግ ጄምስ ቦንድ ሲሆን ጸጉሩ ወርቃማ ነው ብለው ድረ ገጽ ከፍተው ዘምተውበታል። ሂዝ ሌጀር በባትማን ፊልም ጆከር ሲሆን «ይህ ልጅ አይመጥንም» ተብሏል። ክሬግ አምስት ፊልም ሠራ፤ ሌጀር ከሞተ በኋላ በ2009 ኦስካር ተሸለመ። እንዲህ ያለው ቁጣ ፊልሙ ሲታይ ይበርዳል።

በቆዳ ቀለም ላይ የሚነሳው ግን ፊልሙ ቢያምርም አይበርድም። ኬሊ ማሪ ትራን በ2017 በወጣው የስታር ዎርስ ፊልም ላይ ትልቅ ቦታ የያዘች የመጀመሪያዋ እስያዊት ተዋናይት ናት። ከወራት ስድብ በኋላ በጁን 2018 ኢንስታግራሟ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋች። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈችው ጽሑፍ ስድቡን ማመን ጀምራ እንደነበር ተናገረች። ትልቅ ሰው ሆና እንኳ ልታምነው ደርሳ ነበር። ስለዚህ የ9 ዓመት ልጅ ኮሜንት እንዳታይ መከልከል ማጋነን አይደለም። ዩቲዩብ ስትከፍቺላት ኮሜንቱን ዝጊው። ቲዘሩን ግን አብራችሁ እዩት፤ ስትዘል አብረሻት ዝለይ።

ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ፦ ትሬለር ሳላይ ፊልም መግባት ይሻለኛል? ታሪኩን ሁሉ ይዘከዝኩታል።

የመጀመሪያውን ቲዘር እይ፤ ሁለተኛና ሦስተኛውን እለፈው። የ2015ቱ «ተርሚኔተር ጄኔሲስ» ትሬለር የፊልሙን ትልቁን ምስጢር፣ ጀግናው ጆን ኮነር ራሱ ጠላት መሆኑን፣ ገልጦ አሳየ። ዳይሬክተሩ ራሱ በዚህ ቅር ተሰኝቷል። በተቃራኒው የ2019ኙ «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ማስታወቂያ ሲሠራ በአብዛኛው የፊልሙን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ብቻ ነው የተጠቀሙት። እንዲህ የሚጠነቀቅ ስቱዲዮ ግን ጥቂት ነው።

ከሪያድ፦ እንደ እኔ በሰው አገር ሥራ ላይ ላለ ሰው መዝናኛው ስልኩ ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ የ«አቬንጀርስ» ትሬለር ብለው ይለጥፋሉ፤ ደስ ብሎኝ ሳይ ውሸት ይሆናል። በምን ልለየው?

እውነት ነው፣ አሁን በጣም በዝቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የሐሰት ትሬለሮች ለፈጣሪዎቻቸው ገቢ ሆነዋል። በማርች 2025 ዴድላይን የተባለው የሆሊውድ የዜና ድረ ገጽ ነገሩን መርምሮ አወጣ። ስክሪን ካልቸርና ኬኤች ስቱዲዮ የተባሉ ሁለት ትልልቅ ቻናሎች ላይ ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቻናሎቹን ጭራሹን አጠፋቸው። እኔን ያበሳጨኝ ሌላው ግኝት ነው፦ አንዳንድ ስቱዲዮዎች የሐሰት ቪዲዮዎቹን ከማስነሳት ይልቅ የማስታወቂያ ገንዘቡ ወደ እነሱ እንዲዞር አድርገዋል። አድናቂው ሲሸወድ እነሱ ይካፈሉ ነበር ማለት ነው።

መለያው እንዲህ ነው። ቴሌግራም ላይ ያየኸውን ትተህ ወደ ስቱዲዮው የራሱ ዩቲዩብ ሂድ። ለ«አቬንጀርስ» የማርቭል ቻናል ነው፤ ከስሙ አጠገብ የማረጋገጫ ምልክት አለው። እዚያ ከሌለ የለም። ቪዲዮው ስር በትንሹ «ኮንሰፕት» ወይም «ፋን ሜድ» የሚል ካለ የስቱዲዮው አይደለም። የተዋናዩን ፊት ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ተከታተለው፤ አገጩ ወይም ጆሮው ከተለዋወጠ ማሽን የሠራው ነው። ማንም ከሁለት ሰኮንድ በላይ ካላወራም ተጠራጠር።

አንድ ነገር አደራ። ፊልሙ ሳይወጣ «ሙሉ ፊልሙ እዚህ አለ» ብሎ ፋይል አውርድ የሚልህን ሊንክ እንዳትነካ። የምታወርደው ፊልም አይሆንም፤ በስልክህ ውስጥ ያለውን የባንክ መረጃህን የሚፈልግ ነገር ሊሆን ይችላል። ላብህን አፍስሰህ ያገኘኸው ገንዘብ ነው።

ከነታንያ፣ እስራኤል፦ በእነዚህ ትልልቅ ፊልሞች ውስጥ የእኛ የሆነ ነገር አለ ወይ?

አለ፤ ብዙ ባይሆንም። በ2018 «ብላክ ፓንተር» ላይ የወንዝ ጎሣ ሽማግሌ ሆኖ የሚታየው ኢዛክ ደ ባንኮሌ ሙሉ ሱፍ ልብስ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጓል። ይህ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያዎቹ ሙርሲና ሱርማ የተወሰደ ነው። አልባሳቱን የሠራችው ሩት ካርተር ለሥራዋ በ2019 ኦስካር ተሸልማለች። ሱፍና ሸክላ አንድ ላይ ማድረጓ ግሩም ሐሳብ ነው። ከትናንት የቀረ ሳይሆን ነገም የሚኖር ሕዝብ አድርጋ ነው ያሳየችው። ምኞቴ ግን ከጌጥ አልፎ ነው። ከኦሞ ሸለቆ የመጣ ስም ያለው ገጸ ባሕርይ፣ የራሱን ቋንቋ ሲናገር መስማት እፈልጋለሁ።

በሙዚቃው በኩል ቶሮንቶ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ፣ አለ። ለ«ብላክ ፓንተር» አልበም ከኬንድሪክ ላማር ጋር ዘፍኗል፤ ለ2022ቱ «አቫታር» ደግሞ የመዝጊያውን ዘፈን ሠርቷል።

ከለንደን፦ አይረንማንን፣ ቶኒ ስታርክን፣ ሆኖ በ«ኤንድጌም» የሞተው ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በ«አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» ክፉው ዶክተር ዱም ሆኖ መመለሱ የቶኒን ሞት ከንቱ አያደርገውም? ካፒቴን አሜሪካም ተመለሰ። ያኔ በከንቱ ነው ያለቀስኩት እያልኩ ነው። ደግሞስ ከሦስተኛው «ዱን» ጋር በአንድ ቀን ሊወጡ ነው፤ የቱን ላስቀድም?

በከንቱ አላለቀስክም። በ2019 ሲኒማ ቤት ውስጥ ያለቀሰ ሰው እንባው የዚያ ፊልም ነው፤ ኋላ የመጣ ውል አይወስደውም።

ሥጋትህ ግን መሠረት አለው። በጁላይ 2024 በሳንዲያጎው የአድናቂዎች ጉባኤ፣ ኮሚክ ኮን፣ ላይ ዳውኒ ጭምብሉን ሲያወልቅ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በማርች 2025 ማርቭል የተዋናዮች ስም የተጻፈባቸውን ወንበሮች አንድ በአንድ እያሳየ ከአምስት ሰዓት በላይ በቀጥታ አስተላለፈ፤ 27 ስም ተቆጠረ። ፓትሪክ ስቱዋርት፣ ኢያን መኬለን፣ ሌሎችም የጥንቶቹ የኤክስሜን ፊልሞች ተዋናዮች መጡ። እኔም አይቼዋለሁ፤ በደስታ ነው ያየሁት። ግን ወንበር ከወንበር ሲጨመር ታሪኩ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረንም። የምናውቀውን ፊት ማየት ያስደስታል። ያ ፊት ምን ሊያደርግ እንደመጣ ነው የፊልሙ ፈተና።

ተስፋ የሰጠኝ የመጀመሪያው ቲዘር ነው። ስቲቭ ሮጀርስ፣ ማለትም ካፒቴን አሜሪካ፣ በሞተር ብስክሌት ወደ አንድ የገጠር ቤት ይደርሳል። የድሮ የካፒቴን ልብሱን ያያል። ከዚያ ሕፃን ያቅፋል። ውጊያ የለም፣ ፍንዳታ የለም። ያ ሰው ሊያጣው የሚችለው ነገር እንዳለው ነው ያሳዩን። ፊልሙ በዚህ መንፈስ ከቀጠለ መመለሱ ትርጉም ይኖረዋል። ዳውኒም ቢሆን ዱም ሆኖ ቶኒን ካላስመሰለ፣ የራሱን ሰው ከፈጠረ፣ የቶኒ ሞት አይነካም። እሱ ደግሞ ችሎታ ያንሰዋል ብዬ አልሰጋም። በ2024 በ«ኦፐንሃይመር» ኦስካር ያገኘው ቶኒን ፈጽሞ የማይመስል ሰው ሆኖ ነው።

ሁለቱም ለዲሴምበር 18 ቀን 2026 ነው የተቀጠሩት። እኔ ብሆን መጀመሪያ «ዱምስዴይ» እገባለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ። የእሱ ምስጢር በማግስቱ በየስልኩ ይዘከዘካል፤ ከማያውቁት ሰው ጋር አብሮ መጮኽም የሚያምረው ያን ቀን ነው። የ«ዱን» ታሪክ በመጽሐፍ ከታተመ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለሆነው ስፖይል ቢደረግብህም ያን ያህል አይጎዳህም። እሱን በሳምንቱ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ካገኘኸው ትልቁ ስክሪን ላይ መሐል ወንበር ይዘህ እየው።